ሰናፍጭ የጠቀጠቀ አውራ ጣት

ሥራ የጀመርኩት ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ደርግ በወረሰው ቪላ ውስጥ ባለ የራስ ቅል ምርምር ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን ዶክተር ሰይፉ ካሊፐር የሚባል የአጥንት መለኪያ፣ ጥጥና አንድ ጣሳ የሰናፍጭ ፍሬ ሰጡኝ። «ወጥ ልሠራ ነው እንዴ?» አልኩ በሆዴ።

የራስ ቅሉን የዓይን ቀዳዳዎች በጥጥ እንደፍናለን። ከሥሩ ባለው ትልቅ ቀዳዳ ሰናፍጩን ሞልተን፣ ነቅነቅ አድርገን፣ መለኪያ ብርጭቆ ላይ እንገለብጠዋለን። የአንጎሉ ቦታ ስንት እንደሚይዝ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ድሮ ፈረንጆች በዚሁ ዘዴ የሰውን ዘር ብልህና ደደብ እያሉ ደረጃ ሰጥተውበታል። ዶክተር ሰይፉ የአንዱን ፈረንጅ አሮጌ መዝገብ ይዘው፣ «እሱ አሳንሶ የመዘገባቸው የእኛ ሰዎች ቅሎች እዚሁ አሉ፤ ለክተን ውሸቱን እናወጣዋለን» ይሉ ነበር።

በስድስተኛው ዓመቴ አስቴር ተቀጠረች። ቀልጣፋ ልጅ ናት። ወር ሳይሞላት «አስቴርን ጠይቃት» እባል ጀመር። እኔ! ካሊፐር አያያዝ ያሳየኋት እኔ! ምን ልደብቃችሁ፣ ቀናሁ። ቦሌ ሚካኤል ቤቴ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ ስሟን ሳመነዥክ እሄዳለሁ።

ከዚያ ለአንድ ሰው የውጭ ሀገር ሥልጠና መጣ። ተራው የእኔ ነበር። ዶክተሩ ግን «ልኬቱ የሚታመነው ይሄዳል» አሉ።

አስቴር የለካቻቸውን አሥራ ሁለት ቅሎች አውጥቼ እንደገና ለካሁ። ሁሉም ከእሷ ቁጥር በለጡ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም! መዝገቡን ይዤ ሮጥኩ።

«ዶክተር፣ ልጅቷ እንደ ፈረንጆቹ እያሳነሰች ነው!»

በዚያ በደርግ ጊዜ ለፈረንጅ አደረች የሚል ክስ ሰው ያሳስር ነበር። አውቄዋለሁ፤ ግን አልኩት።

ዶክተሩ አልተቆጡም። አስቴርን ጠሩ፤ በቅሎቹ ላይ የተጻፈውን መለያ ቁጥር በፕላስተር ሸፈኑ፤ ከሌሎች ቅሎች ጋር አዘበራረቋቸው። «እስቲ አሁን ለካ» አሉኝ። ለካሁ። ፕላስተሩ ሲነሳ በአሥራ ሁለቱ ቅሎች ላይ የእኔና የአስቴር ልኬት አንድ ሆነ።

«ጋሽ ታደሰ፣» አለች አስቴር ቀስ ብላ፣ «መጀመሪያ ሲለኩ ሰናፍጩን በአውራ ጣትዎ ሲጠቀጥቁ አይቻለሁ፤ ሲጠቀጠቅ ብዙ ይገባል።»

«አልጠቀጠቅኩም!» ብዬ ጮህኩ። በእግዜር ስም፣ አላወቅኩትም ነበር።

ዶክተሩ አሮጌውን መዝገብ እየዘጉ፣ «ፈረንጁም ቢጠየቅ ይህንኑ ይል ነበር» አሉ።

አስቴር ሄደች። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለእኔ በእግር የሚደረስ ነበር፤ አልሸኘኋትም። ዛሬም ስሟ ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ወዲህ ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ መለያ ቁጥሩን ሳልሸፍን አንድም ቅል አልለካሁም። እናንተም የማን እንደሆነ ሳታውቁ ለኩ።