ግድ የለም፣ ይበቅላል

አጎቴ ያን ቀን መቀሱን ሲያነሳ የችግኝ ሻጩን ቃል ረስቶት ነበር ወይስ ከመጀመሪያውም አላመነውም? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሱቁን ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታል። ደንበኞቹ "ምላጭ" ይሉታል። አንዳንዴ መቀሱ ጠልቆ የሰው ጭንቅላት ላይ ጉድጓድ ሲያወጣ፣ ፎጣውን እያራገፈ "ግድ የለም፣ ይበቅላል" ይላል። እውነትም ይበቅል ነበር። ሰውየው አኩርፎ ይወጣል፣ በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

ኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአንድ ደንበኛ ጆሮ ካደማ በኋላ ሱቁን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የሴት ልጁ ባል ወር በመጣ ቁጥር ወደ ሥራ ሲሄድ ጎራ ይልና ትንሽ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ አይቀመጥም፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። አጎቴ የዚያን ሰው እጅ ማየት ሞት ነበር የሚመስለው። የመኪናውን ድምፅ ሲሰማ ጓሮ ይገባል። ሊሸጠው ብሎ ጥዱን የተከለውም እዚያው ጓሮ ነው።

"ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው፤ ለአጥር፣ ለግቢ ሁሉም ይፈልገዋል" አለኝ። "ደግሞ ጆሮ የለውም።"

ችግኝ ሻጩ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቆታል። "አባባ፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይከርክሙ። ውስጥ ያለው ቡናማ እንጨት ላይ ከደረሱ እዚያ ቦታ አረንጓዴ ተመልሶ አይወጣም።" አጎቴ "ገባኝ ልጄ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጥዶቹ ከሰው ቁመት ካለፉ በኋላ የአንድ አዲስ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ አያቸውና ወደዳቸው። ለመግቢያው ግራና ቀኝ ሁሉንም ሊገዛ ተስማማ፤ "ነገ መኪና ይዤ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ። አጎቴ ወዲያው ለአማቹ ደወለ። "ከእንግዲህ አትልፋ!" ሲለው ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ከሰዓት በኋላ የድሮ ነጭ ጋውኑን ለበሰ፣ የአትክልት መቀሱን ሳለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛፍ ልትድር ነው እንዴ?" ብላ ሚስቱ ሳቀችበት።

"እንዲህ ተንጨባረው ከቤቴ አይወጡም" አላት።

የመጀመሪያውን ጥድ በግራ በኩል ሲከረክም እጁ ተንቀጠቀጠና መቀሱ ጠለቀ። ለማመጣጠን ቀኙን ቆረጠ። አሁን ቀኙ ባሰ፤ ወደ ግራ ተመለሰ። ቀጥሎ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዲመስል፣ ሌሎቹም እነሱን እንዲመስሉ አደረገ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም እኩል ነበሩ። የሁሉም ጎን ቡናማ ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ በዙሪያቸው ተዘዋወረ።

"ምን ነካቸው?"

"ግድ የለም፣ ይበቅላል።"

"ይሄ እንኳ አይበቅልም፣ አባባ።" ባዶ መኪናውን ይዞ ሄደ።

አጎቴ ከዚያ በኋላ ጓሮ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ውሃ ያጠጣል፣ ቅርንጫፉን በጣቱ እየገለጠ አረንጓዴ ይፈልጋል። ሚስቱ "ግባና ተኛ" እያለች ትለምነዋለች፤ ገብቶ ይጋደማል፣ ዓይኑን ሳይከድን ይነጋል፣ ተመልሶ ይወጣል።

ወሩ አለቀ። አማቹ ወሬው ደርሶት ኖሮ እንደ ድሮው በጠዋት መጣ፣ በጓሮው በር አጮለቀ።

"ጋሼ፣ እነዚህንም ላጯቸው?"

አጎቴ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ እሱ ሄደ፤ ገንዘቡ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ እንኳ አልጠበቀም። በሁለት እጁ ተቀበለና "እግዜር ይስጥልኝ" አለው።

ከዚያ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተጋደመ። ሚስቱ ብርድ ልብስ ስትደርብለት እያንኮራፋ ነበር፤ አልነቃም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር።