ኤፍሬም እስኪመጣ

ባለፈው እሁድ ልጄ ከቶተንሃም ስታዲየም ፊቱን አጨማዶ ገባና፣ በፓርኩ አቋርጦ ሲመጣ ጭቃ የጠገበውን ጫማ ኮሪደሩ ላይ ወርውሮ ሶፋው ላይ ተዘረረ። የሄደው የአሜሪካኖቹን ኳስ ሊያይ ነበር፤ ያንን በእጅ ታቅፈው የሚሮጡትንና ትንሽ ሮጠው ብዙ የሚመካከሩበትን። የሚወደው ቡድን ሯጭ፣ እነሱ ሩኒንግ ባክ የሚሉት፣ ጉልበቱን ታሞ አልተሰለፈም፤ ቡድኑም ተሸነፈ። አሁን ስልኩ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይነታረካል። ግማሾቹ ያለ እሱ ቡድኑ ባዶ ነው ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ሯጭ ማንም ይሆናል፣ ዋናዎቹ ከፊት መንገድ የሚከፍቱለት ናቸው ባይ ናቸው። «አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ አንድ ሰው ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?» አለኝ። አፌን ከፈት ሳደርግ የዚያ ጫማ የጭቃና የእርጥብ ሣር ሽታ መጣብኝና ልጄን እዚያው ትቼው ነጎድኩ፤ እዚሁ ለንደን ሃክኒ፣ እሁድ እሁድ የምንጫወትበት ሜዳ ላይ፣ ጎረምሳ ሆኜ።

ያኔ እኛ ከአገር ቤት የመጣን ልጆች እሁድ ባይኖር ኖሮ እናብድ ነበር መሰለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሆቴል ሰሃን የሚያጥበው፣ ቢሮ የሚያጸዳው፣ የመኖሪያ ፈቃዱን መልስ እየጠበቀ ጣሪያ ሲቆጥር የሚውለው፣ ሁሉም እሁድ ጠዋት ታኬታውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲመጣ ሰው ይሆናል፤ ስሙ በትክክል ይጠራል፣ ይሰደባል፣ ይስቃል። አሰልጣኛችን ጋሽ ታደሰ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነበሩ፤ ከሙያቸው ፍቅር የተነሳ ማሊያችንን እንደ ሙሽራ ሸሚዝ መስመር አውጥተው ይተኩሱልን ስለነበር፣ ቢያንስ እስኪጀመር ድረስ ከእኛ የሚያምር ቡድን በዚያ ሜዳ አልነበረም።

ኮከባችን ኤፍሬም ነበር። ነፋስ ይወስደዋል የሚባልለት ዓይነት ቀጫጫ፣ ቁጥብ ልጅ። ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ግን፣ ወይ ጉድ! እኛን እስከ ቁርጭምጭሚታችን የሚውጠን ጭቃ ለእሱ አስፋልት ነበር። በቀኝ መስመር ሲወርድ ኳሷ ራሷ ወድዳው የምትከተለው ይመስል ነበር፤ ተከላካዩን ካለፈው በኋላ ደግሞ ዞር ብሎ «ሶሪ» ይለዋል፤ ሰዎቹን ይበልጥ የሚያሳብዳቸው ይሄ ነበር። እኔ ከኋላው የቀኝ ተከላካይ ስለነበርኩ ያን ሁሉ በቅርብ አይቻለሁ፤ እውነቱን ልናገርና ብዙ ጊዜ መጫወቴን ረስቼ ቆሜ አየው ነበር።

ችግሩ ኤፍሬም በሰዓቱ አይመጣም። እናቱን እትዬ ዘነበችን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው እሱ ነው፤ አውቶቡሱን አያውቁትም፣ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ቅዳሴው አልቆ ቤት ሳያስገባቸው ወዴትም አይሄድም። ስለዚህ በየሳምንቱ አሥር ሆነን እንጀምራለን፤ እሱ ምግብ ባልቀመሰ ሆዱ ከእረፍት በኋላ እየሮጠ ይደርሳል። ተቀያሪ ጠፍቶ አልነበረም፤ የመርካቶው ልጅ ሙክታር ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር የሚውለው። ጋሽ ታደሰ ግን፣ «እናቱን ይዞ የቆመ ልጅ ቦታ ላይ ሌላ ሰው አላቆምም!» ብለው ሞተው ይገኛሉ። ሙክታርም «እኔ ኳስ ተጫዋች ነኝ ወይስ ስፖርት ሠሪ?» እያለ ያስቀን ነበር። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ከመስመር ዳር፣ «ያዙ ልጆች፣ መንገድ ላይ ነው!» ይላሉ፤ እኛም እንይዛለን።

አንድ ዓመት ታዲያ የመጨረሻው ግጥሚያ መውረድ አለመውረዳችንን የሚወስን ሆነ። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። የታችኛው ዲቪዚዮን የሚጫወተው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሁድ ከሰዓት ደግሞ አብዛኞቻችን ሥራ ገቢ ነን። መውረድ ማለት መፍረስ ነበር። ጋሽ ታደሰ ለሆሳዕና እንዳንጫወት ቀደም ብለው ሊጉን አስፈቅደው ነበር፤ ያስፈቀዱት ግን ላውንደሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን የፈረንጅ ካላንደር አይተው ኖሯል! በፈረንጆቹ ሆሳዕና ቤታችን ተጎልተን ውለን፣ ግጥሚያው ዞሮ በእኛው ሆሳዕና ላይ ዱብ አለ። የሆሳዕና ቅዳሴ ደግሞ በሕማማት ለሚሞት ሁሉ አስቀድሞ የሚደረገው ፍትሐት ተጨምሮበት መቼ ያልቃል?

ተጋጣሚዎቻችን ግንበኞች ነበሩ፤ ትከሻቸው የቤት በር የሚያክል። ከእረፍት በፊት ተቀጠቀጥን፤ በረኛችን ምን እንደበላ እንጃ፣ ሁሉንም አወጣው። ከእረፍት በኋላ ኤፍሬም የለም። ሙክታር ጃኬቱን አውልቆ ጋሽ ታደሰን ያያቸዋል፤ እሳቸው ሰማይ ያያሉ። ከፊቴ ያ ባዶ መስመር ተዘርግቷል፤ በቃ አለቀልን አልኩ። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ሁለት ግንበኞች ሌላው ሁሉ ሲያጠቃ ከኋላ ቀርተው ባዶውን መስመር ይጠብቃሉ! በመጀመሪያው ዙር ኤፍሬም ዘግይቶ ገብቶ ያደረሰባቸውን አልረሱም። አሰልጣኛቸው «ውጡ!» እያለ ይጮሃል፤ እነሱ ግን አንድ ዓይናቸው ኳሷ ላይ፣ አንድ ዓይናቸው የአውቶቡሱ መንገድ ላይ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ያን ቀን አንበሳው ሳይመጣ ነው ሰው አስሮ የዋለው። ያዝን፤ ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ባዶ ለባዶ ነበርን።

ጭቃው ላይ ተቃቅፈን ስንንከባለል ኤፍሬም ደረሰ። እናቱን ቤት ለማድረስ ጊዜ ስላጣ ከነነጠላቸው፣ ከነዘንባባቸው በክንዱ ደግፎ አምጥቷቸዋል። እትዬ ዘነበች ጭቃ የለበስነውን ሲያዩ ደነገጡ።

«በእኔ ጦስ ተሸነፋችሁ?» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ተርፈናል!» አሉ ጋሽ ታደሰ እንባቸውን በማሊያ እየጠረጉ። «ልጅዎ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሁለት ሰው ይዞልን ነው የዋለ።»

ኤፍሬም አልገባውም ነበር። ሳቀና ሁላችንንም «ሶሪ» አለን።

በዓመቱ እትዬ ዘነበች ደረጃ መውጣት አቃታቸውና ማንቸስተር እህቱ ዘንድ ይዟቸው ሄደ። ሙክታር በመጨረሻ ገባ፤ ጎበዝ ተጫዋች ነበር፣ አልዋሽም። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ሙሉ አሥራ አንድ ሆንን፤ በየሳምንቱም ተሸነፍን። ያ አሥር ሆኖ የሚታገል ቡድን አንድ ጎል ሲገባበት አንገቱን ይደፋ ጀመር። ጋሽ ታደሰ ከመስመር ዳር «ያዙ ልጆች!» ይላሉ፤ መንገድ ላይ ነው የሚሉት ሰው ግን የለም። ገና ሳንወርድ ፈረስን።

ዛሬ እነዚያን ልጆች የማገኛቸው ለቅሶ ቤት ነው፤ ሸብተናል፣ ወፍረናል፣ በሰዓቱም እንደርሳለን። ኤፍሬምን ዛሬም አደንቀዋለሁ፤ ያገባቸውን ጎሎች ግን እየረሳኋቸው ነው። የማልረሳው እሱን እየጠበቅን የሆነውን ነው፤ ከአቅማችን በላይ የሮጥነው ያኔ ብቻ ነው። አሁን ምንም አልጎደለብኝም፤ ቤትም ሥራም ልጅም አለኝ። እስኪመጣ ልያዝለት የምለው ሰው ግን የለኝም።