ለዘይነብ የሰፈርሁት ዘር

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን ስዘረዝር ኖሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል።

ደሴ፣ ገበያው ዳር፣ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። የጓሮ አትክልት ዘር፣ ገመድ፣ ማጭድ፣ ጨው እሸጥ ነበር። የደሴን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፤ ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ከሰው ጋር ይቀመጣል፣ ግድግዳውን ያልበዋል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሱቄን አድሳለሁ። ዕቃውን አውጥቼ ፀሐይ አሞቀዋለሁ፣ ግድግዳውን ኖራ እቀባለሁ፣ የላላውን ቆርቆሮ አስመታለሁ፣ የዛገውን ማጭድ በአሸዋ እፈትጋለሁ። ዘሩንም እፈትናለሁ። ከየከረጢቱ ቆንጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ቋጥሬ ሳምንት አቆየዋለሁ። የበቀለው ይሸጣል፣ ያልበቀለው ይደፋል። እናቴ ናት ያስተማረችኝ። በዚህም ስሜ የተመሰገነ ነበር፤ "የእሷ ዘር አይዋሽም" ይሉኝ ነበር።

ይህ በሆነበት ዓመት የአምናው የሽንኩርት ዘር ግማሽ ከረጢት ተርፎኛል። ጨርቁን ብፈታው ሦስት ፍሬ ብቻ ነጭ ጭራ አውጥቷል፤ ሌላው ሞቷል። አየሁት። በዚህ ዓይኔ ነው ያየሁት። እኔ ግን በመድፋት ፋንታ፣ ለብቻው ከረጢት ከማይሞላው ከአዲሱ ጋር ደባለቅሁት። ለምን? ቸግሮኝ? አልቸገረኝም። ኖራው ነጥቶ፣ መደርደሪያው ተወልውሎ፣ ደጃፌ ላይ ጎደሎ ከረጢት ማቆም አስጠላኝ፤ ይኸው ነው። የሽንኩርት ዘር አሮጌውም አዲሱም ጥቁር ነው፤ ማን ይለየዋል? ከመደባለቄ በፊት ደግሞ ከአዲሱ አንድ ጣሳ ለወንድሜ ብዬ ከመደርደሪያው ስር አስቀመጥሁ። ልብ በሉልኝ። ለሥጋ ዘመዴ ንጹሑን መለየት አልተሳነኝም።

ዘይነብ ከገራዶ መጣች። ደንበኛዬ ነበረች፣ ኋላም ወዳጄ፤ ልጄን ስድር ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ ጓሮ ሽንኩርት ስትልጥ የዋለች ሴት። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። የባሏ ወንድም መሬቱን እኔ ልያዘው ብሎ ሽማግሌ አስቀምጦባት ነበር።

"ይህን በጋ ለብቻሽ አልሚው፤ ከያዘልሽ መሬቱ ያንቺ ነው፣ ካልያዘልሽ እሱ ያርሰዋል ብለውኛል ሽማግሌዎቹ" አለችኝ። "እሱማ 'ሴት ያጠጣችው ሽንኩርት ለወጥ አይደርስም' እያለ ይስቅብኛል። ወላሂ ዘንድሮ በሽንኩርቴ ነው የማስለቅሰው!"

ሳቅን። ቆመው የነበሩ ሦስት ገበያተኞችም ሳቁ።

እጄ ወደ ጣሳው ሄዶ ነበር። ሄዶ ነበር፤ እኔው መለስሁት። ደጃፍ ላይ ያለውን ሙሉ ከረጢት ትቼ ከስር ባወጣ እነዚያ ሰዎች "ይሄኛውስ ምን ሆኖ ነው?" ይሉኛል። ይህን ፈራሁ። ከከረጢቱ በሲኒ እየሞላሁ ሰፈርሁላት፤ ምራቂም ጨመርሁላት።

"አታዪውም?" አልኋት።

"ደግሞ አንቺ የሰጠሽኝን ምን አየዋለሁ" አለችና ቋጥራ ሄደች።

ወር ሲያልፍ ተመልሳ መጣች። ዘሩ እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ መደቡ ባዶውን ቀርቷል። እንደገና ብትዘራም የመስኖ ውሃ ተራዋ አልፏታል። ልትወቅሰኝ የመጣች መስሎኝ መልስ ሳሰናዳ፣ ለካስ የገዛ ጥፋቷን ልትጠይቀኝ ነው።

"ምን አጥፍቼ ይሆን፣ እታለም? አጥልቄ ቀብሬው ይሆን? ወይስ ውሃ አብዝቼ?"

"ውሃ አብዝተሽ ይሆናል" አልኋት። "አብሽሪ።"

አብሽሪ አልኋት። ይህን በአፌ አልሁ። ስሰፍርላት ሰው ፈርቼ ነው እንበል፤ ያን ቀን ግን ሱቁ ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ማንን ፈራሁ? ሚኒባስ ተሳፍሬ ገራዶ ወርጄ ሽማግሌዎቹ ፊት "ጥፋቱ የዘሩ ነው፣ ዘሩም የእኔ ነው" ብል ሌላ በጋ በሰጧት ነበር። ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። አልሄድሁም።

መሬቱን የባሏ ወንድም ያዘው። ዘይነብ ኮምቦልቻ ወርዳ ሰው ቤት ልብስ አጣቢ ሆነች። እኔ በሚቀጥለው መስከረም ሱቄን እንደ ልማዴ ኖራ ቀባሁ።

አሁን ሱቁን ትቼዋለሁ፤ ደሴ ካለችው ልጄና ኮምቦልቻ ካለው ልጄ ቤት ስመላለስ እኖራለሁ። ባለፈው ኮምቦልቻ ሳለሁ ዘይነብ ልትጠይቀኝ መጣች። ምራቴ ጓሮ ጎመን ትተክል ነበርና "እስቲ ችግኙን ያዢልኝ" ብትላት፣ ዘይነብ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

"ተይኝ፣ የኔ እጅ አያበቅልም" አለች። እየሳቀች ነው ያለችው።

አጠገቧ ነበርሁ። አፌን ከፈትሁ። "ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል" ብቻ ወጣኝ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተ መሬት አልተቀማችሁም። አላውቅም ነበር አልልም፤ አውቅ ነበር። እኔ ደባለቅሁት፣ እኔ ሰፈርሁላት፣ እኔ የገዛ እጇን አስጠላኋት። እውነቱን ጻፈች ብላችሁም አታመስግኑኝ። እኔ ፊደል የለየሁት በሱቄ ካርቶኖች ላይ ነው፤ ዘይነብ ግን ማንበብ አትችልም። ይህን ስጽፍ ያንን አውቃለሁ።