ወደ ገብሴ የዞረው ፈሰስ

ጎረቤቴ የማሳውን ፈሰስ በገብሴ ላይ ለቀቀብኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ ማጣፈጫ አልጨምርበትም።

አገራችን ዳገት ነው። ገበሬ ከዘራ በኋላ ጎርፍ ማሳውን ጠርጎ እንዳይወስድበት በበሬ ሰያፍ ትልም ያወጣል፤ ፈሰስ የምንለው እሱን ነው። አፉ መውጣት ያለበት ወደ ሸለቆው ነው። ጎረቤቴ ከእኔ በላይ ያርሳል። እስከ ሸለቆው ለመድረስ በሬዎቹን ማድከም አልፈለገም፤ ባጭሩ ቆርጦ ወደ እኔ አወጣው። ሐምሌ ላይ የአንድ ቀን ዝናብ ከጋፋት በላይ ያለችውን ማሳዬን ለሁለት ሰነጠቃት። የገብሱ እኩሌታ ከነአፈሩ ሄደ።

ሄጄ ነገርሁት። ሞፈር ይጠርብ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«ዝናቡን ያዘነብሁት እኔ ነኝ እንዴ? ፊደል ቆጥረሃል አሉ፤ ለሰማዩ ጌታ ማመልከቻ ጻፍለት» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ፊደል የቆጠርሁት በዚያው ዓመት ነበር፤ በመሠረተ ትምህርት፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ከልጄ ሚስት ጋራ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ነገሩ ከነከነኝ። ለገበሬ ማኅበሩ ጻፍሁ። ስለ ፈሰሱ የጻፍሁት ሦስት መስመር ሆነ። ሳየው አነሰኝ፤ በፈሰስ ሰው አይታሰርም። ስለዚህ አንድ ጨመርሁ፤ በአንድ ተዝካር ላይ የድሮው መንግሥት ይሻል ነበር ብሏል ብዬ። ብሏልም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሰውየው ወደ ደብረ ታቦር ይወሰዳል፤ ከዚያ ወዲያ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም። አላውቅም ነበር አልልም። አውቅ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስሄድ የንስሐ አባቴን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር። መጻፍ በመቻሌ ደስ ብሏቸው እስቲ አንብብልኝ አሉ። በኩራት ጀመርሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ የጨመርሁትን መስመር አጣድፌ አነበብሁት።

«ይኸን ሲናገር አንተ የት ነበርህ?» አሉኝ።

«አጠገቡ ነበርሁ፣ አባ።»

«ምን አልኸው?»

«ሳቅሁ።»

«እንግዲያውስ ሁለት ስም ጻፍ» አሉኝ።

አልተቆጡም፤ ስብከትም አላበዙ። ክርስቲያን በጌታ ፊት የሚጠየቀው ስለ ራሱ ድርሻ ነው፣ የጎረቤትህን ለእሱ ተውለት፤ ደም ሳይነካው ገብስህን የምታተርፍበት መንገድ ካለ እሱን ፈልግ፣ ከጠፋም ገብሱ ይጥፋ አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ወረቀቱን እዚያው ቀደድሁት። ደስ ብሎት ቀደደው የሚል ካለ ዋሽቷል።

በዓመቱ ከማሳዬ አናት ላይ፣ ከደረሰኝ መሬት ቆርሼ፣ የእሱ ውሃ የሚያልፍበት ቦይ ቆፈርሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ወገቤ ከዚያ ወዲህ ደህና ሆኖ አያውቅም። ገበያ ላይ ወንድነቱን በፊደል ለወጠው ብለው ሳቁብኝ። ጎረቤቴ በጽዋ ማኅበር ስንገናኝ ሰላም እንኳ አይለኝም፤ የበደለ እሱ፣ የኮረፈም እሱ። የእኔም ትዕግሥት የቅዱሳን አልነበረም። ቦዩን በጠረግሁ ቁጥር እረግመው ነበር፤ ያንኑ ደግሞ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፣ እሳቸውም ስግደት ያዝዙኛል። ደክሞኝ ነበር። ሰላም ያሳርፋል የሚሉኝን አሁንም ብዙ አላምናቸውም፤ እኔን አላሳረፈኝም። ያ ወረቀት ቢገባ ኖሮ ግን ከሁለት አንዳችን በሕይወት አንኖርም ነበር። ይኸን አምናለሁ።

ቦዩ በተቆፈረ በሁለተኛው የዘር ወቅት ስጠርግ ጎረቤቴ መጣ። ከበላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። ወገቤን ይዤ ስነሣ ሄደ፤ በሬዎቹን ጠምዶ ተመለሰና ፈሰሱን እስከ ሸለቆው ድረስ አወጣው። እስከ ቀትር ፈጀበት።

«መጀመሪያም የኔ ሥራ ነበር» አለ፣ ፊቱን ወደ በሬዎቹ አድርጎ።

«ነበር» አልሁት።

ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የሄደውን ገብስ ማንም አልመለሰልኝም። ነገሩ ያለቀው ሰኔ 15 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።