«ተፈውሻለሁ» ካልሁ በኋላ የዋጥሁት ኪኒን

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው፤ ታገሡኝ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜያለሁ። የማርመውም ነገር አለኝ።

የጀልባ ሞተር ጠጋኝ መሆኔን ታውቃላችሁ። ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ እየገጠምሁ ነው የለመድሁት። ክብደቴ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ደርሶ ነበር። ስሳፈር ጀልባ ነጂው ዘውዱ፣ «ያዙ እንግዲህ፣ ጀልባዋ ልትሰግድ ነው!» ይላል። እስቃለሁ። ግን ከማዕድ ስነሳም ይርበኝ ነበር። የሆዳምነት መንፈስ ነው ብዬ ብዙ ጾምሁ።

ደም ግፊት ተገኘብኝና ኪኒን ታዘዘልኝ። አምና በጾም ጸሎታችን ማብቂያ እዚሁ ቆሜ «ተፈውሻለሁ!» አልሁ። እናንተም ሃሌ ሉያ አላችሁ። ሽማግሌያችን ጋሽ መኰንን አቅፈውኝ አለቀሱ። በማግሥቱ ኪኒኑን ጣልሁት። ሞተር እንኳ ሳልፈትሽ የማልመልስ ሰው፣ ግፊቴን ሳልለካ መሰከርሁ።

ከዚያ በዓይኔ ጠርዝ ትንንሽ ብርሃኖች ይንሳፈፉ ጀመር። ራእይ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ። አንድ ረፋድ በዘውዱ ጀልባ ሐይቁን ተሻግረን ወደ ደልጊ ከተማ ስንጓዝ፣ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበስሁ ሐይቁና ሰማዩ አንድ ነጭ ጨርቅ ሆኑ። የሞተሩ ድምፅ ራቀ። የሐይቁ ዳር ደንገል ያለ ነፋስ ሲወዛወዝ አየሁ። ፍርሃት የለም፣ ክብደት የለም።

«ጌታ ሆይ፣ መጣሁ» አልሁ።

«የት ነው የምትመጣው! ያዙት፣ ውኃ ውስጥ ሊገባ ነው!» ብሎ ዘውዱ በቀበቶዬ ጎተተኝ። ጌታ ይባረክ!

ሆስፒታል ሲያደርሱኝ ሐኪሟ ግፊቴን ለክታ ደነገጠች። «ኪኒንህስ?»

«ተፈውሻለሁ ብዬ መስክሬ ነበር።»

«ማን ለክቶህ?»

ስለ ረሃቡ ስነግራት ግን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ስብህ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ‹ጠግበናል› ብሎ ለአንጎል የሚናገረው እሱ ነው። ስቡ ሲበዛ ሆርሞኑም ይበዛል፤ አንጎል ግን ስለ ጥጋብ የሚነገረውን መስማት ይተዋል። ግፊት የሚያስጨምሩት ነርቮች ግን መስማታቸውን አይተዉም። ስለዚህ ይርብሃል፤ ግፊትህም ይወጣል። ሆዳም እያልህ ራስህን አትስደብ።»

አለቀስሁ፣ ወገኖቼ። ስንት ዓመት ራሴን ረግሜያለሁ!

ሆኖም መድኃኒት ቤቱ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለ። ኪኒኑን ከወሰድሁ ምስክርነቴ ውሸት ሊሆን ነው፤ ካልወሰድሁ ልሞት ነው። ሰልፉ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሰው ዞር አሉ። ጋሽ መኰንን!

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እርስዎስ?»

ወረቀታቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ ከዚያ መልሰው አወጡት። «ግፊት ነው ልጄ። ስድስት ዓመቴ። ያን ቀን ሳቅፍህ ልነግርህ ነበር፤ ሃሌ ሉያው በዛብኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከፊታቸው አሰለፉኝ። ይህን የምናገረው ፈቅደውልኝ ነው።

ዛሬ መቶ ሦስት ኪሎ ነኝ። ኪኒኔን እየዋጥሁ ግፊቴ ልኩ ላይ ነው። ረሃቡ አልለቀቀኝም፤ እርግማን ግን እንዳልሆነ አውቃለሁ። በሕይወት አቁሞኛልና ክብር ለእርሱ ይሁን! ተደብቀሽ ኪኒን የምትውጪ እህቴ፣ ተደብቀህ የምትውጥ ወንድሜ፣ ጌታ በእናንተ አያፍርም። እመኑት። የግፊት መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ፤ ስትወጡ በሩ ላይ ክንዳችሁን ስጡኝ። ጋሽ መኰንን እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀምረዋል።