ለማር ይሆናል፣ ለፊልም አይሆንም

ፊደል የቆጠርሁት ጺሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ሌላው የጎልማሶች ተማሪ ስሙን መፈረም ሲችል ቤቱ ገባ፤ እኔ አርፌ መች ተቀመጥሁ፣ የፊልም ታሪክ ጻፍሁ። ላሊበላ ሠርግ የሚቀርጽ ወዳጄ ካሜራውን ይዞ መንደሬ ብልባላ መጣና ከጎረቤቶቼ ጋር ሠራነው። ስሙን «የጭንጫው ሙሽራ» አልሁት።

ስሙ እንዳይሰረቅ ሰጋሁ። ርስት እንደሚያስከብር ሰው ሦስት ሽማግሌና አንድ ቄስ ጠርቼ ርዕሱን በወረቀት ላይ አስፈረምኋቸው። ቄሱም ከሥሩ «ይህን ስም የነካ ውግዝ ይሁን» ብለው ጻፉበት። ከዚህ ወዲያ ምን ምዝገባ አለ?

የእኔው ሊታይ ሳምንት ሲቀረው ከአዲስ አበባ የመጣ ሌላ «የጭንጫው ሙሽራ» ላሊበላ አዳራሽ ታየ። አንዲት ጠጠር እንኳ የለበትም።

ወረቀቴን ይዤ አዲስ አበባ፣ ጠበቃ ዘንድ ሄድሁ። ውግዘቱን አንብቦ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን መያዙ ነው።

«አባቴ፣ ርዕስ ብቻውን በቅጂ መብት አይጠበቅም። ታሪኩን ግን ማንም አይነካብዎትም።»

«ታሪኩንማ ማን ፈለገው!»

«በንግድ ምልክት እንሞክር። ገበያ የሚያወጡት ነገር አለ?»

«ማር አለኝ።»

«ግሩም! ስሙን ለማር ያስመዘግቡታል። በዚህ ስም ሌላ ሰው ማር አይሸጥም።»

«ፊልሙስ?»

«ለፊልም ቀድመው አስመዝግበው ቢሆን፣ ወይም ሰዉ ስሙን ሲሰማ እርስዎን የሚያስብ ቢሆን...»

«የሚያስበውማ እነሱን ነው።»

«ችግሩም እሱ ነው።»

ለካ ሕጉ ከእኔ ይልቅ ንቦቼን ያውቃቸዋል።

ስመለስ ቄሱ «ውግዘቱ ምን አደረጋቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጋሸና መገንጠያ ላይ የአዲስ አበባ መኪና አምልጦት ይሆናል፣ አባ» አልኋቸው። ተቀየሙኝ።

የአዳራሹ ባለቤት ደግሞ «ስሙን ይለውጡት፣ ጋሼ። ሰዉ አይቶታል እኮ» አለኝ።

«ያየው የእኔን አይደለም!»

«ታዲያ በር ላይ ቆመው ለእያንዳንዱ ሊነግሩ ነው?»

ቆምሁ። ስሙንም አልለወጥሁም። በመጣው ሁሉ ፊት «ያ ሌላ ነው፣ ይኼ የእኔ ነው» እያልሁ ጉሮሮዬ ደረቀ። አብዛኛው «አይተነዋል» ብሎኝ አለፈ። ጥቂቶች አዝነውልኝ ገቡ።

ሲያልቅ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡና እጄን ያዙኝ።

«የእርስዎ ይሻላል፣ እውነቴን ነው» አሉኝ። «ምነው ታዲያ፣ ስሙን ከሰዎቹ ባይሰርቁ?»