ለበሬ የማይሆነው በቆሎ

በደርግ ጊዜ የከብት መኖ ምርምር ላይ እሠራ ነበር። አንድ ክረምት ቴፒ አጠገብ ባለ የሰፈራ መንደር የማኅበሩ የእርሻ በሬዎች እያለቁ ነው ተብሎ ተላክሁ። ሰፋሪዎቹ ድርቁ ከወሎ ያፈናቀላቸው ገበሬዎች ነበሩ።

ስደርስ አንዱ በሬ ገና መሞቱ ነው። ሆዱን ከፍቼ ሳየው ጉበቱ ቢጫ ሆኗል። የመንደሩ ሊቀመንበር ከኋላዬ ቆሞ፣ «አሻጥር ነው አይደል? መርዝ ያበላቸው ሰው አለ» አለኝ። ከቦን የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። ቶሎ ብዬ መጋዘኑን አስከፈትኩ። ጣራው ስለሚያፈስ ለበሬዎቹ የተቀመጠው በቆሎ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል።

«ማንም አልመረዛቸውም፤ የፈጃቸው ይህ ሻጋታ ነው» አልኩ። ሰዉ እፎይ አለ።

«ከእንግዲህ ለበሬ እንዳትሰጡት፤ ቅበሩት» አልኳቸው። ሳያንገራግሩ ጉድጓድ ቆፍረው፣ እዚያው እያየሁ ቀበሩት።

በማግስቱ ጠዋት ከሾፌሬ ጋር ስንመለስ፣ ወንዙ ዳር ሴቶች ጎንበስ ብለው እህል ሲያጥቡ አየሁ። መኪናውን አስቁሜ ወረድኩ። ያው በቆሎ ነው፤ አፈሩ ገና አልለቀቀውም።

«እናቴ፣» አልኩ፣ «ይህን ቅበሩት አላልኩም?»

አንዲት ጠና ያሉ ሴት ቀና አሉና በትሕትና መለሱልኝ።

«አይስጉ ጌታዬ፤ ለበሬ አንሰጠውም። ለኛው ነው።»